ጎመኑ ለምን አልጠቀለለም? ቀን ሳይሆን ቅጠል ይቁጠሩ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። ጓሮዬ ውስጥ 300 የሚሆን የጥቅል ጎመን ችግኝ ተክያለሁ። ዘሩን ከገበያ በማንኪያ ተሰፍሮልኝ ነው የገዛሁት። ሻጩ ዝርያው ኮፐንሃገን የሚባለው ነው፣ በ90 ቀን ይደርሳል ብሎኛል። ነሐሴ 1 ችግኙን አፈላሁ፤ መስከረም 20 ወደ ማሳ አዛወርኩ። አሁን ታኅሣሥ እያለቀ ነው፤ 5 ወር ሊሞላው ነው ማለት ነው። አብዛኛው ቅጠሉ ሰፍቶ ልቡ ክፍት ነው። በባሕር ዛፉ አጥር በኩል ያለው ጭራሽ የመጠቅለል ምልክት የለውም፤ መሃል ላይ ያለው ትንሽ ይሻላል። አንዳንዱ ደግሞ መሃሉን ቀጥ አድርጎ አበባ ሊያወጣ ነው። የተከልኩት ስንዝር ስንዝር አራርቄ ነው። ዩሪያ ሁለት ጊዜ ሰጥቼዋለሁ፤ ሦስተኛ ልድገም? ጎረቤቴ ቅጠሉን ሰብስበህ በገመድ እሰረው ይለኛል። የታች የታቹን ቅጠል በየሳምንቱ እየቀነጠስን እንበላለን። ካበበው ላይስ ዘር ብይዝ ምን ይለኛል?»

ምላሽ፦ ሦስተኛ ዩሪያ አይጨምሩ። በገመድ የማሰሩን ነገር ይተዉት። ካበበው ላይ ዘር አይያዙ። ቅጠል መቀንጠሱን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። ማሳው ግን ሙሉ በሙሉ አልከሰረም፤ ከፊሉ ገና ይጠቀልላል። የትኛው እንደሚጠቀልልና የትኛው እንደማይጠቀልል ራስዎ መለየት ይችላሉ፤ እንዴት እንደሆነ ከታች አለ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እናስተካክል። ለጥቅል ጎመን «በ90 ቀን ይደርሳል» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ችግኙ ወደ ማሳ ከተዛወረበት ቀን ጀምሮ ነው። ዘሩ መደብ ላይ ከወደቀበት ቀን አይደለም። ስለዚህ በዚህ ሒሳብ የእርስዎ ጎመን ገና 97 ቀን ገደማው ነው። ቁጥሩ ራሱም ቢሆን ምቹ ሙቀት ላለው ቦታ የወጣ ነው። ጥቅል ጎመን በደንብ የሚያድገው ሙቀቱ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ውርጩንም ከእኔ በላይ ያውቁታል። ብርድ ሲገባ አዲስ ቅጠል የሚወጣበት ፍጥነት ይቀንሳል። ያንኑ ዘር ዝቅ ብሎ ሞቅ ያለ ቦታ፣ ለምሳሌ መቂ ላይ ቢተክሉት ከእርስዎ በሳምንታት ቀድሞ ይደርስ ነበር። መዘግየቱ ብቻውን በሽታ አይደለም።

ለዚህ ነው ቀን መቁጠር የሚሸውደው። ጥቅል ጎመን የሚጠቀልለው በቂ ቅጠል ሲያወጣ ነው። ቅጠሉን ይቁጠሩ፤ የት እንደደረሰ ራሱ ይነግርዎታል።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው። ከመሃል ሁለት፣ ከአጥሩ ጥግ ሁለት ተክል ይምረጡ። ከሥር ጀምረው ወደ ላይ ይቁጠሩ። የቀነጠሱትና የረገፈው ቅጠል ግንዱ ላይ ጠባሳ ትቷል፤ ጠባሳውም እንደ ቅጠል ይቆጠራል። ከአውራ ጣት የሚያጥረውን የልብ ቅጠል አይቁጠሩ። ከመሬት ሲወጣ የነበሩት ሁለቱ ትንንሽ፣ ጫፋቸው ገባ ያለ ቅጠሎችም ከቁጥር አይገቡም። እነሱ የዘሩ ስንቅ ናቸው፤ ረግፈው አልቀዋል።

እስከ 5 ቅጠል ድረስ ያለው ችግኝ ነው። ከ6 እስከ 8 ባለው ጊዜ ተክሉ ሥር እየያዘ ነው። ከ9 እስከ 12 ሲደርስ ይሰፋል፤ ግን ከላይ ሆነው ሲያዩት ግንዱ አሁንም ይታያል፤ ቅጠሉን ከግንዱ የሚያገናኘው እጀታም ረዘም ያለ ነው። ከ13 እስከ 19 ባለው ደረጃ ነገሩ ይቀየራል። አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች እጀታቸው ያጥራል፤ ከርዝመታቸው ይልቅ ስፋታቸው ይጨምራል። ከላይ ሲያዩት ግንዱ አይታይም። ከመሃል ያሉት የልብ ቅጠሎች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ሌላውን ቅጠል ሳይነኩ ሊያዩዋቸው ይችላሉ። ከ20 እስከ 26 ሲደርስ ደግሞ እነዚያ የልብ ቅጠሎች በዙሪያቸው ባሉት ትልልቆች ይሸፈናሉ፤ ለማየት በእጅ ገለጥ ማድረግ ያስፈልጋል። ያ ደረጃ የመጠቅለል ዋዜማ ነው። ከዚያ በኋላ ገለጥ ሲያደርጉ ከ6 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ለስላሳ ኳስ ያገኛሉ። ቀጥሎ ውስጡ ይሞላል፤ በመጨረሻ በእጅ ሲጫኑት የማይረግብ ይሆናል። ቁጥሩ እንደ ዝርያው ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የልቡ አቋም ግን አይዋሽም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አሁን ተዘርግተው የሚያዩዋቸው ትልልቅ ቅጠሎች ጥቅሉን አይሠሩም። እነሱ እስከ መጨረሻው ውጭ ይቀራሉ። ጥቅሉ ማለት የተክሉ የጫፍ እምቡጥ ነው፤ ውስጥ ውስጡን እየተወለዱ መውጫ ያጡ ቅጠሎች ተደራርበው የሚሠሩት። ነጣ ያለው ብርሃን ስለማያገኝ ነው። የውጭዎቹ ሥራ ምግብ አዘጋጅቶ ወደ ውስጥ መላክ ነው። እነሱን ሰብስበው በገመድ ቢያስሩ ብርሃን ይከለክሏቸዋል፤ ውስጡ እርጥበት ይዞ ይበሰብሳል፤ አባጨጓሬም ጥሩ መደበቂያ ያገኛል። ጎረቤትዎ ምክሩን ከየት እንዳገኘው እገምታለሁ። አበባ ጎመን ላይ ይህ ይሠራል፤ ነጩ አበባ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ፀሐይ እንዳያጠይመው ቅጠሉ ከላዩ ይታሰራል። ያም ቢሆን ቀለሙን ለመጠበቅ እንጂ አበባውን ለማሳደግ አይደለም።

ቅጠል መቀንጠሱም እንዲሁ ከሌላ ተክል የተወሰደ ልማድ ነው፤ ከሐበሻ ጎመን። ስማቸው ጎመን ቢሆንም ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመንና ብሮኮሊ በሳይንሱ አንድ ዝርያ ናቸው፤ ሰው በተለያየ መንገድ እየመረጠ ነው የለያያቸው። የሐበሻ ጎመን ግን ጥንት ከዚያ ወገንና ከጥቁር ሰናፍጭ ተዳቅሎ የተገኘ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው። ይህን ዝምድና ናጋሃሩ ዩ የተባለ ተመራማሪ በ1935 እ.ኤ.አ. አሳይቶታል። የሐበሻ ጎመን ቅጠሉ ሲቀነጠስ ሌላ ያወጣል፤ ሲያብብም ኪሳራ የለውም፤ ጎመን ዘሩ ምጣድ ያሰሳል። ጥቅል ጎመን ላይ ግን የቀነጠሱት ጤነኛ ቅጠል ሁሉ ከጥቅሉ ኪሎ ይቀነሳል። ቢጫ የሆነውን ወይም የታመመውን ብቻ ያንሱ። ለቤት ቅጠል ከፈለጉ አንድ ጥግ ላይ የሐበሻ ጎመን ይትከሉ።

አሁን ወደ እርስዎ ማሳ። ከጻፉልኝ ተነስቼ አራት ምክንያት ይታየኛል። ዋናው ርቀቱ ነው። ስንዝር ማለት ቢበዛ 25 ሴንቲ ሜትር ነው። ጥቅል ጎመን በተክልና ተክል መካከል 40፣ በመስመርና መስመር መካከል 60 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። ተጠጋግቶ ሲተከል ቅጠሉ ወደ ላይ ይመዘዛል፤ እርስ በርሱ ይጋረዳል፤ ልቡን የሚሞላበት ምግብ ያጥረዋል። አንዳንዱ ከጎረቤቱ በልጦ ይጠቀልላል፤ የተበለጠው ክፍት ሆኖ ይቀራል። የእርስዎም መሃል ላይ ያለው ዥንጉርጉር የሆነው በአብዛኛው ለዚህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ባሕር ዛፉ ነው። እሱ በሁለት በኩል ነው የሚጎዳው፤ ከላይ ፀሐይ ይጋርዳል፣ ከታች ውኃ ይሻማል። ጥቅል ጎመን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል። ሥሩ ደግሞ ብዙ ወደ ታች አይወርድም፤ ባሕር ዛፍን በውኃ ሽሚያ አያሸንፍም። በአጥሩ በኩል ያለው ወደ ኋላ መቅረቱ የዘሩ ጥፋት ቢሆን ኖሮ መሃሉም እኩል ይቀር ነበር።

ሦስተኛው የችግኙ ዕድሜ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 20 ድረስ 55 ቀን ገደማ መደብ ላይ ቆይቷል። ችግኝ መዛወር ያለበት ከ4 እስከ 6 እውነተኛ ቅጠል ሲይዝ ነው፤ በደጋ ከ5 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ ካለፈ ሥሩ ይጠላለፋል፣ ግንዱ ይደድራል። ሲዛወር ደንግጦ ብዙ ጊዜ ቆሞ ይቀራል። አበባ ጎመን ቢሆን ኖሮ ቅጣቱ ይብስ ነበር፤ ያረጀ ችግኝ ገና በትንሽነቱ የአዝራር ያህል አበባ ሠርቶ ያቆማል።

ዩሪያ አራተኛው ነው፤ እሱን ቶሎ ልለፈው። ዩሪያ ቅጠል ያሰፋል። ስለዚህ ጥሩ የሚሠራው ቅጠል በሚሠራበት ጊዜ፣ ከተዛወረ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ነው። ልቡ መሸፈን ከጀመረ በኋላ ሲጨመር ጥቅሉ ልል ይሆናል፣ ይዘገያል፣ ሲበስልም ይሰነጠቃል። የለሰለሰ ቅጠል ውርጭም አይችልም። ሁለቱ ዙር ይበቃል።

የአበባውን ነገር ለይቼ የማነሳው ብዙዎች «ዘሩ ወንድ ነው» እያሉ ስለሚያልፉት ነው። እንዲህ ያለ ነገር የለም። ጥቅል ጎመን በተፈጥሮው የሁለት ዓመት ተክል ነው። በመጀመሪያው ወቅት ቅጠልና ጥቅል ይሠራል፤ የብርዱን ወቅት ካሳለፈ በኋላ ያብባል። ብርዱን «አለፈ» ብሎ እንዲቆጥር ሁለት ነገር መሟላት አለበት። ተክሉ የልጅነት ደረጃውን ማለፍ አለበት፤ ማለትም ግንዱ የእርሳስ ውፍረት መድረስ አለበት። ከዚያ ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ለሳምንታት ማግኘት አለበት። ትንሽ ችግኝ ብርድ ቢነካውም ወደ አበባ አይሄድም። የእርስዎ ችግኝ ግን በዕድሜ ገፍቶ፣ ግንዱ ወፍሮ ነው ወደ ጥቅምትና ኅዳር ብርድ የገባው። ሳይጠቀልል የብርዱ ወቅት ያለፈ መሰለውና የአበባ አገዳ መዘዘ። ሁሉም እኩል ያልመዘዘው ዘሩ አንድ ወጥ ስላልሆነ ነው። በማንኪያ የሚሰፈር ዘር የእናት አባቱ ነገር አይታወቅም።

አንዴ አገዳ የመዘዘ ጎመን ተመልሶ አይጠቀልልም። አገዳውን ቢቆርጡትም ከጎኑ ሌላ ያወጣል እንጂ ጥቅል አይሠራም። ለጋ አገዳውና ቅጠሉ ግን ይበላል፤ ከሥጋም ጋር ይሁን ለብቻው እንደ ማንኛውም ጎመን ይሠራል። ዘር የመያዙን ሐሳብ ግን እርግፍ አድርገው ይተዉት። ሳይጠቀልል ካበበ ተክል ዘር ከያዙ የሚወርሱት ያንኑ ችኮላ ነው። በዚያ ላይ ጎመን በንብ ይዳቀላል፤ አበባ ጎመንም ይሁን ብሮኮሊ አጠገቡ ካበበ ከልጆቹ ምን እንደሚወጣ አይታወቅም።

ሁለት ነገር ደግሞ ሄደው ያረጋግጡልኝ። አንደኛው ልብ የሌለው ተክል መኖር አለመኖሩ ነው። አባጨጓሬ ወይም ውርጭ ጫፉን ከገደለው መሃሉ ባዶ ይሆናል፤ ወይም ሦስት አራት ትንንሽ ልቦች ጎን ለጎን ይወጣሉ። ይህም ወግ ያለው ጥቅል አይሠራም። ሁለተኛው ሥሩ ነው። ቀትር ላይ ጠውልጎ ማታ የሚያንሰራራ ተክል ካለ አንዱን ከነሥሩ ይንቀሉ። ሥሩ እንደ ዝንጅብል ካበጠና ከተቆላመመ ችግሩ ሌላ ነው፤ በአፈር ውስጥ የሚኖር የጎመን ሥር አሳባጭ በሽታ ነው። መድኃኒት ረጭተው አያድኑትም። አፈሩ ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ኮምጣጣ አፈር ደግሞ ይመቸዋል። እንዲህ ካገኙ ያንን መሬት ለጎመን ዘር ሁሉ ይከልክሉ፤ የሐበሻ ጎመንም ሰናፍጭም ጭምር። አፈሩን አስመርምረው ኖራ ይጨምሩ፤ መሣሪያዎንና ጫማዎን ሳያጥቡ ወደ ሌላ ማሳ አይግቡ። የተነቀለውንም ኮምፖስት ውስጥ አይክተቱ።

ስለ መርጫ መድኃኒት አልጠየቁኝም፤ ግን አንድ ጥንቃቄ ከእድገት ደረጃው ጋር ስለሚያያዝ ልናገር። ልቡ ሳይሸፈን በፊት የውጭ ቅጠል ትንሽ ቢበሳ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም፤ ያ ቅጠል አይሸጥም። ትሉን መያዝ ያለብዎት ግን ያኔ ነው፤ ልቡ ከተሸፈነ በኋላ ውስጥ የገባውን አባጨጓሬ መርጫው አያገኘውም። ጥቅሉ ሲጠነክር የሚረጭ ሰው ትሉን ሳይሆን በላተኛውን ነው የሚጎዳው። ከመርጨት እስከ መቁረጥ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት እሽጉ ላይ ተጽፏል፤ ቀልድ አይደለም። አንዱን መድኃኒት ደጋግሞ መርጨትም ትሉን ያለማምደዋል። ለጓሮ ያህል ከሆነ ጠዋት ጠዋት የቅጠሉን ጀርባ እያዩ በእጅ መልቀም ይበቃል። ግራጫ ዱቄት የለበሰ የሚመስል ክሽክሽ ካዩ ቅጠሉን ቆርጠው ያስወግዱ።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት የሚሠሩት ይህ ነው። አገዳ የመዘዘውንና ልብ የሌለውን በሙሉ ያስወግዱ። ከቀረው ውስጥ እርስ በርሱ የተጠጋጋ ካለ ደካማውን ይቁረጡና ለቀሪው ቦታ ይልቀቁ። ሥሩን ከነቀሉት የጎረቤቱን ሥር ይነካል፤ ስለዚህ አፈር ላይ በቢላ ይቁረጡ። የተቆረጠው ለወጥ ይሆናል። ልቡ የተሸፈነውን አይንኩት፤ በቋሚነት ውኃ ያጠጡት። አሁን ያለበት ደረጃ ውኃ በጣም የሚፈልግበት ነው። በሳምንት አንዴ አጥለቅልቆ ከማጠጣት በሳምንት ሁለቴ መጠነኛ ውኃ ይሻላል፤ ደርቆ ቆይቶ ድንገት የሚጠጣ ጥቅል ይሰነጠቃል። ሲያጠጡ ጠዋት ይሁን። ኩትኳቶው ላይ ላዩን ብቻ ነው።

ልቡ ቀጥ ብሎ የሚታየውን፣ ማለትም ከ13 እስከ 19 ቅጠል ላይ ያለውን፣ ሦስት ሳምንት ይስጡት። እስከ ጥር አጋማሽ ልቡ ካልተሸፈነ ከዚያ በላይ አይጠብቁት፤ ቅጠሉን ይብሉትና መሬቱን ያስለቅቁ። የአጥሩን ጥግ ግን ሦስት ሳምንት እንኳ አልሰጠውም። ዛሬውኑ ቅጠሉን ሰብስበው ይጠቀሙበት። ውኃውን ለመሃሉ ያድርጉት።

የጠቀለለው መድረሱን በዓይን አይፍረዱ፤ በመዳፍ ይጫኑት። የማይረግብ ከሆነ ይቆረጣል። ብዙው አንድ ላይ ደርሶ ገበያው ካልተመቸዎት ጥቅሉን በሁለት እጅ ይዘው ሩብ ዙር ያህል ጠምዘዝ ያድርጉት። ከሥሩ ከፊሉ ይበጠስና ውኃ መሳቡ ይቀንሳል፤ ሳይሰነጠቅ ጥቂት ቀን ይቆይልዎታል።

ለሚቀጥለው፣ በእርስዎ አገር ለጥቅል ጎመን ሁለት ጊዜ እመርጣለሁ። አንዱ ግንቦት ላይ አፍልቶ ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ ማዛወር ነው፤ ብርዱ ሳይጠና ጥቅምት ላይ ይደርሳል። ጥቁር አፈር ከሆነ ውኃ ስለሚቋጥር ከፍ ያለ መደብ ላይ ይተከል። ሌላው መስኖ ላለው ነው፤ ታኅሣሥ መጨረሻ ወይም ጥር መጀመሪያ አፍልቶ የካቲት ላይ ማዛወር። ችግኙ ብርዱን በልጅነቱ ያሳልፈዋል፤ ከላይ እንዳልኩት ያ ወደ አበባ አይወስደውም። ሌሊት ሌሊት ግን ከውርጭ በሣር ይሸፈን። መስከረም መጨረሻ ላይ ያረጀ ችግኝ ማዛወሩን ግን አይድገሙት።

አሁን ያለውን መሬት ለሁለት ሦስት ዓመት ለድንች፣ ለባቄላ ወይም ለገብስ ይልቀቁት። ዘሩን የመብቀል መጠኑና የሚያበቃበት ቀን ከተጻፈበት ከታሸገ ፓኬት ይግዙ። ከባሕር ዛፉ መስመር ቢያንስ እኩለ ቀን ላይ ጥላው እስከሚደርስበት ድረስ ያለውን ባዶ ይተዉና በመካከሉ ጠለቅ ያለ ቦይ ቆፍረው የዛፉን ሥር ይቁረጡ። ቦዩን በየዓመቱ ካላደሱት ሥሩ ተመልሶ ይመጣል።